ሜዳችን ላይ ቶሎ ይመሻል

ሰኞ፣ ከእራት በኋላ

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች እጇ መስመር አይስትም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ስናገር አንገቴን የምደፋ ሰው አይደለሁም። ቃሉ የእኔ ነው፣ እጁ የእሷ። የምላትን ሁሉ እንድትጽፍ፣ ከራሷ ግን አንዲት ነገር እንዳትጨምር ተስማምተናል። «እሺ አባባ» ብላለች። እሺ ስትል ድምጿ ውስጥ ሳቅ አለ።

ምክንያቱ ይጻፍ። ዛሬ አዲሱ የፋብሪካችን የስፖርት ኃላፊ የኳስ አሠልጣኙን እኔን ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ያኔ ነው ክፉ ነገር እንደመጣ ያወቅኩት፤ ደህና ወሬ ቆመህም ይነገርሃል። «አባት፣ የልምምድ ዕቅድዎን ማየት ፈልጌ ነበር» አለኝ። ጭንቅላቴን በጣቴ መታ መታ አድርጌ አሳየሁት። ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ነገሩን አወጣው። የሳሙና ፋብሪካው ከእንግዲህ ተጫዋቾቼን ከሥራ ሰዓት አይለቅም። እስከ ዛሬ በሳምንት ሁለቴ ከምሳ በኋላ ይለቅልን ነበር። አሁን የቀን ፈረቃው ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ እስኪመሽ ያለችው ጊዜ ብቻ ናት የእኛ። ሜዳው መብራት የለውም።

ይህም አልበቃው። ቡድኑ ዘንድሮ ከወረደ ይፈርሳል፤ ሜዳው የኮንቴይነር ማራገፊያ ይሆናል። እኛ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነን፤ ሁለት ይወርዳሉ። «የእኔ ውሳኔ አይደለም» አለኝ። «የማን ነው ታዲያ? የሳሙናው ነው?» አልኩት። ይሄኛው ላይ አልሳቀም።

ያንን ሜዳ ድንጋዩን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በየቀኑ ያሠራሁት ይጻፍ። በግምት ነው የሚያሠለጥነው የሚል ሁሉ ያንብበው።

ማክሰኞ

ጊዜ ሲያንስ ምን እንደሚጣል ማወቅ ነው ሥራው። ወረፋን ጣልኩ። ኳስ እስኪደርሰው ተሰልፎ የሚቆም ተጫዋች ሥራ ፈት ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኳስ ይንካ። ማሊያውን ከቱታው ሥር ለብሰው ይዋሉ ብያለሁ። ሰውነት ማሟሟቂያቸው ከማሽኑ ክፍል በር እስከ ሜዳ የሚሮጡት ሩጫ ነው። መከላከልና ማጥቃት ለየብቻ ቀን የላቸውም፣ በአንድ ኳስ ግማሽ ሜዳ ላይ አብረው ይሠራሉ። በቀን አንድ ነገር ብቻ ይማራሉ።

የእኔንም ንግግር ጣልኩት። አንበሉ «ጋሼ፣ የእርስዎ ምክር እኮ ብቻውን አንድ አጋማሽ ይፈጃል» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። አንበላችን የማሽን መካኒክ ነው፤ መካኒኩ ነው የምንለው። እውነቱን ነው።

ጥሩ ሠራን። መጨረሻ ላይ ለሽቦ ከግራ፣ ከጠባቧ ማዕዘን የሚመታውን ምት ላሳየው ነበር። ሽቦ የግራ ክንፋችን ነው። ቀጭን ነው፣ ሲሮጥ ግን ይነዝራል። እዚያች ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ኳሱን ቋሚው ላይ ያላትማል። መሸብን። ለሐሙስ ይደር።

ሐሙስ

መሸ። ገና ላባቸው ሳይወጣ መሸ። ዘንድሮ ቀኑ ምን እንደነካው አላውቅም። ፊሽካ ነፍቼ «ይበቃል፣ ወደ ቤት» ስል ሽቦ «አሁን ጋሼ?» አለኝ። አሁን አልኩት። ማዕዘኗ ሳትነካ ቀረች።

ቅዳሜ

ተሸነፍን። ከሜዳችን ውጭ ስለነበር ሰበብ አይጠፋም፤ እኔ ግን ሰበብ አልወድም።

ሰኞ

ዘበኛውን ተቆጣሁት። የሜዳውን መስመር በኖራ አላሰመረም፤ የቱ ጋ ሜዳው እንደሚያልቅ አይታወቅም። «ካላሰመርኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ። ጠዋት ነው ያሰመርኩት ይላል። ለአንድ ባልዲ ኖራ ሲል ይህን የሚያህል መሐላ! ሰው ተበላሽቷል።

ደግሞም ምልክት የምናደርጋቸው ባዶ ጀሪካኖች ቢጫ ናቸው። ቢጫ በምሽት አይታይም። ነጭ ይቀቡ ብያለሁ። ወፍራሙ በረኛችን፣ በርሜል የምንለው፣ «ጋሼ፣ ጀሪካኑ እኮ ተከላካይ ነው የሚሆንልን፣ ሙሽራ እናድርገው እንዴ?» አለ። አሳቀኝ። ነጭ ይቀቡ።

ረቡዕ

ዛሬ አዲስ ነገር ፈጠርኩ፤ በትልቁ ጻፊው። ኳስ የተቀበለ ሁሉ የራሱን ስም ይጠራል። ሽቦ! ሚዛን! መካኒክ! ሚዛን ክብደት መለኪያው ላይ የሚሠራው ተከላካያችን ነው። ለምን እንደሚጠሩ አልነገርኳቸውም። የሚጮህ ተጫዋች አይተኛም። በዚህች በተረፈችን ጊዜ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የጨመረ አሠልጣኝ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እኔም ዳር ቆሜ ማን የት እንዳለ ልቅም አድርጌ አወቅኩ።

እሑድ

አሸነፍን! ጻፊ፣ አሸነፍን። የተጋጣሚው አሠልጣኝ እጄን ጨብጦ «ልጆችዎ እንደ አውቶቡስ ረዳት ይጮኻሉ» አለኝ። «ጭነው ሄዱባችሁ» አልኩት።

አሁን ከመጨረሻ ሦስተኛ ነን። አንድ ቡድን ከሥራችን አስገብተናል። በዚሁ ከቆየን ሜዳዬ ሜዳ እንደሆነ ይቀራል።

ማክሰኞ፣ ማታ

ልምምድ ጀመርን፣ መሸ። ሌላ የምለው የለም። የሽቦ ማዕዘን ለነገ።

ወደ ቤት ስገባ ወንበሩ መሐል መንገድ ላይ ተገትሮ ነበር፤ ጉልበቴን ላጠው። ምራቴ አልነካሁትም ትላለች። ወንበር ራሱ አይሄድም።

አሁን ደግሞ በጨለማ ቁጭ ብለን መብራት የማናበራው ለምንድን ነው? እንዴት ይታይሻል? አብሪው እንጂ።

በርቷል ነው የምትይኝ?

ይህን አትጻፊ። አትጻፊ እኮ ነው ያልኩሽ፣ ብዕሩ ሲጭር ይሰማኛል።

ዓርብ

ምሽት ላይ በርሜል ቤት መጣ። መጥቶ አያውቅም። ሰላም አለኝ፣ ሻይ ቀረበለት፣ ጠጣ፣ ሌላ ቀረበለት፣ ጠጣ። ስለ ጓንቱ መቀደድ አወራኝ። ምራቴ እሰፋልሃለሁ አለችው። ከዚያ በሩ ላይ ቆመና ቆመና «በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ደህና ይደሩ» ብሎ ሄደ። ሻይ ቤት እንደ ጠፋበት ሰው።

እሑድ፣ ከእራት በኋላ

ቀስ ብለሽ ጻፊ። ዛሬ ቸኩዬ አይደለሁም።

አቻ ሆነን ቆይተናል። አቻ ይበቃን ነበር። አንድ ልጅ ወዲያ ማዶ ሲያነክስ አየሁ። ሽቦ መሰለኝ። መሰለኝ አልልም፣ ሽቦ ነው። «ሽቦ፣ ና ውጣ!» አልኩ። ሽቦ ሮጦ መጣ። ሮጦ ነው የመጣው፤ ምንም አላነከሰም። አጠገቤ ሲደርስ ትንፋሹን ሰማሁ፤ የደህና ሰው ትንፋሽ ነው። ያነክስ የነበረው ሚዛን ነው ለካ። ተቀያሪው ገብቷል፤ ሽቦን መመለስ የለም። ሚዛን እያነከሰ ቆየ፤ በእሱ በኩል አገቡብን።

«ለምን ደህና ነኝ አላልከኝም?» አልኩት። «ጋሼ፣ እርስዎ ውጣ ካሉ እወጣለሁ» አለ። ይህን ያለው በትዕቢት አይደለም። በትዕቢት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለኃላፊው ዕቅድ ነበር አልኩት። ሽቦን ለሚቀጥለው ላሳርፈው ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቻለሁ ብለው ከኋላ አንዱ መናገር ሲጀምር ሌላው «ዝም በል፣ ይሰማሃል። ጆሮው ደህና ነው» አለው። ጆሮው ደህና ነው ማለት ምን ማለት ነው? ሌላው ምኔ ነው የታመመው? ምራቴን ጠየቅኳት። ክር እየበጠሰች ነበር፤ መበጠሷን ቀጠለች።

ተመልሰን ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነናል።

ማክሰኞ

አልችልም ዛሬ።

ረቡዕ

ትናንት የሆነውን ልናገር።

እንደ ልማዴ መሸ ብዬ ሰደድኳቸው። ተሰናብተውኝ ወጡ። እኔም የወፍጮ ቤቱን መንገድ ይዤ እጄን ኪሴ ብሰድ ፊሽካዬ የለም። ግብ ሥር ረስቼው ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ የኳስ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ «ሽቦ!» አለ አንዱ። «መካኒክ!» አለ ሌላው። የእኔ ልጆች ናቸው። ያለ እኔ።

ደሜ ፈላ። ሌላ አሠልጣኝ አምጥተውብኛል አልኩ። ዘበኛውን ክንዱን ይዤ «ማነው የሚያሠራቸው?» አልኩት። «ማንም የለም ጋሼ። መካኒኩ ነው» አለ። «በጨለማ?» አልኩት። «በጨለማ ምን ታይቷቸው ነው የሚጫወቱት? እግር ሊሰባበሩ ነው?»

«ጋሼ» አለኝ። «ገና አልመሸም እኮ።»

ሰክረሃል አልኩት። እንዲያውም አፉን አሸተትኩ፣ ይቅር ይበለኝ። የሽንኩርት ሽታ ብቻ ነው። ጥዬው ልሄድ ስዞር ጉንጬ ሞቀኝ። ወደ ማዶ ስዞር ሌላኛው ጉንጬ አልሞቀኝም። እንደገና ዞርኩ። ሞቀኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ነበረች።

ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ኳሱ ይመታል፣ ስም ይጠራል። ልጆቼን ያለችኝን ጊዜ እንደ ስስታም አብቃቅቼ አሠልጥኛለሁ ስል፣ ፀሐይ እያለ ነው ስሰዳቸው የከረምኩት። እነሱም ጥግ ላይ ተደብቀው እስክሄድላቸው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትም ጊዜ ከዚያችው ከጊዜያቸው ላይ የተቆረጠ ነው። ኃላፊው ቆረጠ፣ እኔ ደገምኩ። እሱስ ባዳ ነው።

ፊሽካውን ሳልፈልግ ሄድኩ።

ሐሙስ

መካኒኩ ቤት መጣ። ዘበኛው ነግሮታል። ወንበር አልያዘም፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«ማን ይንገርዎት ጋሼ? ዕጣ ተጣጣልን።»

«ለማን ወጣ?»

«ለበርሜል።»

ያኔ ሻዩ ትዝ አለኝ። ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ፣ ጓንቱን አሰፍቶ የሄደው። ሳቅኩ። መካኒኩም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አልቆበት አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«ሽቦን ያስወጣሁ ቀንስ?» አልኩት። «እንደተሳሳትኩ ታውቅ ነበር። አንበል አይደለህም እንዴ? አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ሕዝብ ፊት ጋሼ? እርስዎን?»

አከበሩኝ። አክብረው አክብረው ገደል አፋፍ ላይ አቆሙኝ፤ አብረውኝም ቆሙ። ስሜን እንጂ ቡድኑን አላዳኑም። እኔም እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው። አሠልጣኝ ሲናገር አፍ አይከፈትም ያልኩት እኔ ነኝ።

ምራቴ መጻፍ አቁማለች። ጻፊ ልጄ። አንቺም እኮ ታውቂ ነበር።

«አውቅ ነበር አባባ። ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

ይህንንም ጻፊው።

ሰኞ

የዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። የሄደው አይመለስም፣ ያለውን እንጠብቅ አለ። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አለ። ጎልማሳ ነው፣ ድምፁ ደስ ይላል። ከረሜላ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር።

ሹፌሩ ልጄ፣ የምራቴ ባል፣ ከመንገድ ደወለ። ጭነት አራግፌ እመጣለሁ አለ። ምን ሊያደርግ ይመጣል? መኪናውን ይንዳ።

ማክሰኞ

ፊሽካውን ለመካኒኩ ሰጠሁት። ዘበኛው አግኝቶት አስቀምጦልኝ ነበር። አልቀበልም ብሎ ታገለኝ። «ውሰድ ስልህ ውሰድ። አሠልጣኝ ሲናገር እንዲህ ነው የሚኮነው?» አልኩት። ወሰደ።

ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጬ አደመጥኩ። በየመሐሉ «መሸ?» እላለሁ። «ገና ነው ጋሼ» ይሉኛል። ያለፈውን ጊዜ ሁሉ እንዲህ ሠርተው ቢሆን ኖሮ የት በደረሱ ነበር። «መሸ?» «ገና ነው።» ይህን ያህል ብርሃን ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ነው የጣልኩት።

የሽቦን ማዕዘን እንዲያሠራው ለመካኒኩ ነገርኩት። እግሩን እንዴት እንደሚያዞር በእጄ ይዤ አሳየሁት። ጥቂት መታ። ከዚያ እውነተኛው ምሽት መጣ። ሁሉም አንድ ላይ «አሁን መሸ ጋሼ» አሉኝ።

ሐሙስ

ዝናብ። ሜዳው ኩሬ ሆነ። ልምምድ የለም። የቀረችን ቀን ይህችው ነበረች።

ጉልበቴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ምራቴ የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር ሰማዩ የሚተረተር ይመስለኛል።

እሑድ፣ ማታ

ብዙ ነው፤ እጅሽ ከደከመ ንገሪኝ።

ጨዋታው በሜዳችን ነበር። የሚያድነን ማሸነፍ ብቻ ነው፤ አቻ ከወጣን እንወርዳለን። ከመጀመሩ በፊት መካኒኩ መጥቶ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ ዛሬ ስም እንጠራለን» አለኝ።

«ተው» አልኩት። «ኳሱ ማን ጋ እንዳለ ለተጋጣሚ ትናገራላችሁ።»

«እነሱማ ያያሉ» አለ። ወዲያው ያለው ነገር ቆጨው መሰለኝ። እኔ ግን ሳቅኩ። እውነቱን ነገረኝ፣ በመጨረሻ።

ጠሩ። ጨዋታውን በሙሉ ጠሩ። ተመልካቹ መጀመሪያ ያሾፍ ነበር፤ አንዱ «አቴንዳንስ ነው እንዴ የሚወስዱት?» ሲል ሰማሁ። ቆይቶ ተመልካቹም ያግዛቸው ጀመር። እኔም እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሜዳውን ሁሉ አየሁት። ሚዛን ከኋላ፣ መካኒክ መሐል፣ ሽቦ ግራ። ጉልበታቸው ሲያልቅ እንኳ በሰለለ ድምፅ ይጠሩ ነበር። ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ለጨዋታው አይጠቅማቸውም ነበር፤ ትንፋሽ ይጨርስባቸዋል። ተው ብዬ ልጮህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አላልኩም። ይህንንም በእኔ ላይ ጻፊው። ማየት ፈለግኩ።

አገቡብን፤ ስም ሲጠፋ አወቅኩ። ከዚያ መካኒኩ መለሰው፤ ይህቺኛዋን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅኩት፣ የራሱን ስም እየጠራ እኔ ድረስ ሮጠ።

ሊያልቅ ሲል ሚዛን አለ፣ መካኒክ አለ፣ ሽቦ አለ። ድምፁ ከግራ ነው፣ ከዚያችው ከጠባቧ ማዕዘን። አውቃታለሁ፣ አርባ ጊዜ ለነገ ይደር ብያታለሁ። ምቱን ሰማሁ። ብረቱን ሰማሁ። ብረት መትቶ የሚገባ አለ።

«ገባ?» አልኩ።

አጠገቤ ያለውን ተጠባባቂ በእጄ ፈለግኩት።

«ገባ ወይ?» ብዬ ጉልበቱን ያዝኩት። ከዚያ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ የሚያበቃበትን ረጅሙን።

ወረድን።

ሽቦ መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ነበር የመታሁት» አለ። አሳየሁት? መቼ አሳየሁት? አንድ ቀን በእጄ ይዤ። ሌላውን ቀን ሁሉ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሆና ወደ ቤትህ ሂድ ብዬዋለሁ። ይህን ልነግረው አልቻልኩም። ራሱን ዳበስኩት። ጸጉሩ ጭቃ ነበር።

ኃላፊው መጣ። «አባት፣ በጣም ጥሩ ታግላችኋል» አለኝ። ለልፋታችሁ ዋጋ እንሰጣለን ምናምን አለኝ። ኮንቴይነሩ መቼ ይገባል አልኩት። ሳምንቱ ውስጥ አለ። «ዘበኛውን አታባርሩት» አልኩት። «ኖራውን በደንብ ነበር የሚያሰምረው።»

ሰዉ ሁሉ ሄደ። ልጆቹ ግን አልሄዱም። መካኒኩ ክንዴን ይዞ ሜዳውን አዞረኝ፤ መስመሩን በእግሬ እየዳበስኩ። ነጭ ጀሪካኖቹን በርሜል አንድ በአንድ ሰብስቦ ዘበኛው ቤት አስገባቸው፤ ለምን እንደሚያስቀምጣቸው አልጠየቅኩትም። «መሸ?» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። እነሱም ለካ እያለቀሱ ነበር፤ አላየሁም።

በቃኝ። ከእንግዲህ የማስጽፈው የለኝም፤ የማሠራው ቡድን የለማ።

ብዕሩን አስቀምጪና አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለሽ። አትጻፊ ያልኩሽንም ሳታልፊ።